ድንጋዬ ከመጨረሻ ወደ መጀመሪያ የሄደበት ቀትር

ድንጋዩን ያነሳሁት እኔ አይደለሁም። ይህ እንዲጻፍልኝ እፈልጋለሁ፤ የሚጽፍልኝ ሰው ስላጣሁ ራሴ ጻፍኩት። በጃንሆይ ዘመን አዋሽ ባቡር ጣቢያ ሰፈር የውሃ ተራ አስከባሪ ነበርኩ። የራስሽን ድንጋይ ከሰልፉ መጨረሻ አንስተሽ ከሁሉም ፊት አስቀመጥሽ ተብዬ ተከሰስኩ። በአንድ ከሰዓት በኋላ ፈረዱብኝ፣ ሹመቴን ቀሙኝ፣ የድንጋይ ሌባ የሚል ስም ሰጡኝ። ስሙ ከእኔ አልፎ ልጆቼ ላይ ተለጠፈ። ትምህርት ቤት እርሳስ በጠፋ ቁጥር መጀመሪያ የሚፈተሸው የእነሱ ቦርሳ ነበር። ከዚያ ወዲህ መንግሥት ተገልብጧል፣ የገለበጠውም ተገልብጧል፣ አሮጌው ባቡር ቆሞ ሌላ ባቡር መጥቷል። የእኔን ፍርድ ግን እስካሁን የገለበጠው የለም።

የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ጽሑፌ ቢጎረብጣችሁ ቻሉት፤ እኔ ከዚህ የባሰ ችያለሁ።

ለመጻፍ ያነሳሳኝ ቴሌቪዥን ነው። አሁን የምኖረው ሰመራ፣ አስተማሪ ልጄ ቤት ነው። እኔ ወጣት ሳለሁ ሰመራ የሚባል ከተማ አልነበረም፤ ነፋስና ጥቁር ድንጋይ ብቻ ነበር። አሁን ነፋሱና ድንጋዩ እንዳለ ሆኖ ቢሮ ተጨምሮበታል። ሰው ከቢሮ ሲወጣ ቤቱ ገብቶ በሩን ይዘጋል፣ ማራገቢያውን ይከፍታል፣ ቴሌቪዥን ያያል። ልጄ የምታየው ከውጭ አገር መጥቶ ወደ አማርኛ የተመለሰ ድራማ ነው። ድምፅ የሚሰጡት ሰዎች ከሦስት አይበልጡም መሰለኝ፤ ንጉሡም ንጉሡን የሚገድለውም በአንድ ድምፅ ነው የሚናገሩት። የትም አገር ያልነበረ መንግሥት ነው። ባሕር ዳር የተሠራ ግንብ አላቸው፣ ክንፍ ያለው አዞ የመሰለ እንስሳ ይጋልባሉ። አዋሽ ወንዝ ውስጥ ያለውን አዞ በዓይኔ አይቻለሁ። ሰው ለመብላት ክንፍ አላስፈለገውም።

አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ያለፈውን ክፍል በድጋሚ ሲያሳዩ እንግዳ ነበረችኝ። ያኔ አዋሽ ላይ የመጋዘን ሹሙ ሚስት ነበረች፤ ከእኔ ቀጥሎ በቦታዬ የተሾመችውም እሷ ናት። ሰመራ የመጣችው የልጇ ልጅ ወልዳ ልትጠይቅ ነበር፣ በዚያው እኔ ዘንድ ጎራ አለች። ሃምሳ ዓመት ሙሉ በለቅሶም በሠርግም ተገናኝተናል፣ ጉንጭ ለጉንጭ ተሳስመናል፤ ስለ ድንጋዩ ግን አንድ ቀን ከልብ አውርተን አናውቅም። ሶፋው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን የሰው መንግሥት ሲፈርስ ማየት ጀመርን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ንጉሡ አርጅቶ አልጋ ላይ ወድቋል። ንግሥቲቱ ከሰሜን ጦር ይዞ ከመጣ አዲስ መስፍን ጋር በስውር ትማከራለች። መስፍኑ አንዲት ደብዳቤ በንጉሡ ማኅተም እንድትታተምለት ይፈልጋል። የማኅተም ጠባቂው ደግሞ ደረቅ ሽማግሌ ነው፤ ንጉሡ በአፉ ካላዘዘኝ አላትምም ይላል። ታዲያ ምን አደረጉ? ማኅተሙን ራሳቸው ሰርቀው ትራሱ ሥር ወሸቁና፣ ከሃዲ ነው፣ ሊሸጠው ነበር አሉ። ትናንት እጁን ሲስሙ የነበሩት መኳንንት ሁሉ አንድ ላይ ተነስተው ፈረዱበት።

«አስቀምጠውበት ነው!» ብዬ ጮህኩ።

«እማዬ፣ ድራማ እኮ ነው» አለች ልጄ።

«ድራማ መሆኑን አውቃለሁ። ያስቀመጡበት ግን እነሱ ናቸው።»

እንግዳዬ ነጠላዋን ጎተት አድርጋ አፏ ላይ አደረገች።

እኔ የሳቅኩት በድግሱ ነው። አንድ ሽማግሌ ከወንበር ለማውረድ መርዝ፣ አምስት መቶ ፈረስ፣ ክንፍ ያለው አዞና አንድ ሰዓት ሙሉ ሙዚቃ አስፈለጋቸው። የእኛ ሰፈር ሴቶች በአንድ ድንጋይና በአንድ የቀትር እንቅልፍ ጨርሰውታል።

አዋሽ ከተማ የወንዙን ስም እንጂ ውሃውን አልወሰደም። ወንዙ ከታች ገደል ውስጥ ነው፣ እኛ ከላይ ነን። ለባቡሩ ሥራ ሲባል ውሃው በፓምፕ ተስቦ ትልቅ ታንከር ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ ላይ ለቤተሰብ አንድ ቧንቧ ወጥቶልን ነበር። ከቀኑ አሥር ሰዓት ይከፈትና ታንከሩ ላይ የተቀባው ቀይ መስመር ጋ ሲደርስ ይዘጋል። ከመስመሩ በታች ያለው ለሥራ ነው። በበጋ ውሃው ቶሎ ስለሚወርድ ሰልፉ መጨረሻ ላይ ያለች ሴት ባዶ ቆርቆሮዋን ይዛ የምትመለስበት ቀን ብዙ ነበር።

በዚያ ፀሐይ ከጠዋት ጀምሮ መሰለፍ አይቻልም። ስለዚህ የሚሰለፈው ድንጋይ ነበር። እያንዳንዱ ቤት የራሱ ድንጋይ ነበረው፤ ባል ሥራ ሲገባ ሚስት ትወጣና በመጣችበት ተራ ድንጋይዋን አስቀምጣ ቤቷ ትገባለች። ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሰፈሩ በሙሉ ይተኛል፤ ዶሮ እንኳን ጥላ ሥር ጋደም ይላል። ድንጋዮቹ ብቻቸውን ፀሐይ ላይ ተደርድረው ይጠብቁናል። የእኔ ድንጋይ ከወንዙ የወጣ ግራጫ ነበር፤ ወገቡ ላይ ቀይ መስመር አለው። መስመሩን ሁልጊዜ ወደ ቧንቧው አዙሬ ነበር የማስቀምጠው። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ሰው የሚጠብቀውን ነገር ፊት ለፊት ማየት አለበት ብዬ ይሆናል።

ሕጉ ሦስት ነበር። በአንድ ድንጋይ ሁለት የላምባ ቆርቆሮ ይቀዳል። የሰው ድንጋይ አይነካም። ተራ አስከባሪዋ ከሁሉም በኋላ ትቀዳለች። ሦስተኛውን ያወጡት የቀደሙ ሴቶች ናቸው፤ መጨረሻ የምትቀዳ ሴት ውሃው ለሁሉም እንዲዳረስ ትጠነቀቃለች ብለው ነው። ብልህ ነበሩ፤ ሰውን ያውቁ ነበር።

እኔን የመረጡኝ ደህና ትሆናለች ብለው እንዳይመስላችሁ። ባሌ ሐዲድ ጠጋኝ ነበር፤ ቤታችን በሰፈሩ ከሁሉም ያነሰ ነበር። የታዘዘችውን ታደርጋለች ብለው ነው። ተሳሳቱ። እኔ ቧንቧው አጠገብ በቆምኩበት ጊዜ እምቢ ያልተባለ ሰው የለም። የፖሊሱን ሚስት በበዓል ዋዜማ እምቢ ብያለሁ። ከድሬዳዋ እንግዳ መጣብኝ ያለችውን እምቢ ብያለሁ። አንዷ ባዶ ቆርቆሮዋን ታቅፋ እግሬ ሥር አልቅሳለች፤ ተራሽን ጠብቂ ብያታለሁ። ማን እንደነበረች ዛሬ አላስታውስም፤ ያኔም የማየው ድንጋዩን እንጂ ሴትየዋን አልነበረም። ፍትሕ እንደዚያ ነው ብዬ አምን ነበር። ውሃው ሲያልቅ እኔም ባዶዬን ነው የምገባው፣ ስለዚህ ማንም አፉን አይከፍትብኝም።

አንድ ሕግ ብቻ አሻሽያለሁ፤ ለእሱም አልጸጸትም። አንዲት አፋር ሴት ወተት እያመጣች ትሸጥልን ነበር። ድሮ ከብቶቿንም ልጆቿንም የምታጠጣው ታች ወንዙ ዳር ነበር። የጥጥ እርሻው መጣና ሣሩን አረሰው፣ ዳርቻውን አጠረው። ከዚያ ወዲህ ወተቷን ሸጣ ስትጨርስ ቧንቧውን ቆማ ታየዋለች። ድንጋይ ሰጠኋት።

«ለወተት ሻጭ ተራ?» አሉ ሴቶቹ።

«ወንዙ ከእኛ በፊት የማን ነበር?» አልኳቸው።

መልስ ያጣ ሰው ቂም ይይዛል።

አሁን ወደ ንግሥታችን ልምጣ። የእኛ ንግሥት የጣቢያው ሹም ሚስት ነበሩ፤ ዙፋናቸው ደግሞ በላምባ የሚሠራ ፍሪጅ ነበር። በሰፈሩ ሌላ ፍሪጅ አልነበረም። አዋሽን በሚያዝያ የማያውቅ ሰው በረዶ ምን ማለት እንደሆነ አይገባውም። እትዬ በረንዳቸው ላይ ይቀመጣሉ፤ ያስደሰተቻቸው ሴት በብርጭቆ የበረዶ ስባሪ ይሰጣታል፣ ያስቀየመቻቸው ሴት የብርጭቆውን ድምፅ ትሰማለች። በዚህች ስባሪ ጓደኝነት ይፈርስ ነበር፤ ክርስትና አባትና አበልጅ ይለወጥ ነበር። ከላይ ያልኳችሁ መኳንንት መሬት ተሰጥቷቸው ነው የከዱት። የእኛዎቹ የሚቀልጥ ነገር ተሰጥቷቸው ነው።

ይህ ሁሉ ደህና ሲሄድ የጥጥ እርሻው ወኪል ሚስቱን ይዞ መጣ። ጣቢያው አጠገብ ቤት ተከራዩ። ጄኔሬተር አመጡ፤ ከእትዬ ፍሪጅ እጥፍ የሚሆን ፍሪጅ አመጡ። የእርሻው ጥጥ በባቡር የሚጫን ስለሆነ የጣቢያው ሹም ራሱ ወኪሉ ሲመጣ ከወንበሩ መነሳት ጀመረ። ሹሙ ለወኪሉ ከተነሳ የወኪሉ ሚስት ምን እንደሚገባት ገምቱ።

ሴትየዋ በሦስተኛው ቀን ጂፕ ውስጥ ሆና ቧንቧው ጋ መጣች። ሾፌሩ በርሜል አወረደ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኩት።

«በርሜል ነው።»

«በርሜል መሆኑን አያለሁ። ድንጋዩ የታለ?»

ሴትየዋ ጥቁር መነጽሯን አወለቀች። «የምን ድንጋይ?»

«የተራ ድንጋይ ነዋ፣ ወይዘሮ። እዚህ ሰው አይሰለፍም፣ ድንጋይ ነው የሚሰለፈው።»

«እኔ በድንጋይ ልወከል?»

«እኛ ሁላችን ተወክለናል፣ እስካሁን አላፈርንበትም። ነገ ጠዋት አንድ ድንጋይ ይላኩ፤ ሁለት ቆርቆሮ ይቀዳሉ። በርሜሉ ግን ይመለስ።»

ከኋላዬ ሴቶቹ ሳቁ። ያን ቀን «ባለ በርሜሏ» የሚል ስም አወጡላት፣ በጣም ተደሰትን። በሳምንቱ ከእነዚሁ ሴቶች አንዷ ስለ እሷ ስታወራ «እሜቴ» አለች። ጆሮዬን ተጠራጠርኩ። በማግስቱ ሁለት ሆኑ። ባለ በርሜሏ በየቤቱ በረዶ ትልክ ጀምራለች ለካ፤ ስባሪ አይደለም፣ ሙሉ ጣሳ። የእትዬ በረንዳ ባዶ ሆነ። እትዬ የዋዛ ሰው አልነበሩም። ዙፋናቸው ሲቀልጥ ሲያዩ ነጠላቸውን አጣፍተው ባለ በርሜሏ ቤት ሄዱ፤ ሁለቱ እህትማማች ሆነው ተመለሱ። በድራማው ንግሥቲቱና መስፍኑ በዋሻ ውስጥ ሻማ ይዘው ነው የተማማሉት። የእኛዎቹ ፀሐይ ላይ፣ ሁላችንም እያየን ነው።

እትዬ አስጠሩኝ። በረዶ ያለበት ብርጭቆ ፊቴ አስቀመጡ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር።

«አንቺ ልጅ፣ በርሜሉን አሳልፊላት። ከሰልፉ በፊት ትቅዳ፣ ማን ይጎዳል?»

«መጨረሻ ላይ ያሉት ሦስት ቤቶች፣ እትዬ። አራተኛዋ እኔ ነኝ።»

«አንቺ የተራ ነገር ታበዣለሽ።»

«ተራ ለሁሉም እኩል ነው ብላችሁ የሾማችሁኝ እናንተ ናችሁ።»

«እኩል የሚባለው እኮ ለእኩሎች ነው» አሉና ብርጭቆውን ወደ ራሳቸው ሳቡት። አንድ ጊዜ እንኳን አልቀመስኩትም። እውነቱን ለመናገር፣ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ እሱ ነው።

ሳምንት አልሞላም። አንድ ቀን ከቀትር እንቅልፍ ተነስቼ አሥር ሰዓት ሊሆን ሲል ቧንቧው ጋ ደረስኩ። ሴቶቹ ሁሉ ቀድመውኛል። ሌላ ጊዜ አንድ በአንድ እየተንጠባጠቡ ነበር የሚመጡት። ያን ቀን ደግሞ አንድ ላይ ቆመዋል፤ ራሳቸውን ተሠርተው፣ ንጹሕ ነጠላ ለብሰው። ውሃ ለመቅዳት! ያኔውኑ መንቃት ነበረብኝ። ሰልፉን ሳየው ጠዋት ከሁሉም ኋላ ያስቀመጥኩት ድንጋዬ ከሁሉም ፊት ቁጭ ብሏል።

«ይሄ የማን ነው?» አሉ እትዬ፣ ድንጋዩን ከእኔ እኩል እያወቁት።

«የእኔ ነው። እዚህ ያስቀመጥኩት ግን እኔ አይደለሁም።»

«ታዲያ በእግሩ ሄደ?»

ሳቁ። የሳቁት ሁሉም አንድ ጊዜ ነው፣ እንደተለማመዱት። እኔ ጎንበስ ብዬ ድንጋዩን አየሁት። ቀይ መስመሩ ወደ ቧንቧው አልዞረም፤ ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ሐዲዱ ነው የዞረው።

«እኔ ብሆን እንዲህ አላስቀምጠውም። ፊቱን ተመልከቱ» አልኩ።

«ድንጋይም ፊት አለው እንዴ!» አለች ባለ በርሜሏ። እንደገና ሳቁ።

ዞር ብዬ አንድ በአንድ አየኋቸው። «እሺ፣ እያንዳንዳችሁ በምታምኑት ማሉልኝ። ክርስቲያኗ በገብርኤል፣ ሙስሊሟ በአላህ። ድንጋዩን አልነካሁም፣ ሲነካም አላየሁም በሉ።»

ማንም አልማለም። ፀሐዩ ከባድ ነው አሉ። አንዲት ደግ የሙስሊም ጎረቤቴ ብቻ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ፣ «ወላሂ ተኝቼ ነበር» አለች። ይህ የአዋሽ መሐላ ነው፤ እውነት ነው፣ ግን ምንም አልጠቀመኝም። የመጋዘን ሹሙ ሚስት፣ በዚያ እሁድ ሶፋው ላይ ከጎኔ የተቀመጠችው፣ ከሁሉም ኋላ ቆማ ነበር። አልሳቀችም። ያን ጊዜ ባለመሳቋ ወድጃት ነበር።

ተፈረደብኝ። ሹመቴ ይነሳ፤ ክረምት እስኪገባ ድረስ ከሁሉም በኋላ ልቅዳ። ከሁሉም በኋላ ስቀዳ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ቅጣት ሲፈልጉልኝ የነበረኝን ሰጡኝ። ሞኝነታቸው ያኔም ያስቅ ነበር፣ ሳቁ ግን አልመጣልኝም። የወተት ሻጯን ድንጋይ አንስተው ሐዲዱ ላይ ወረወሩት። እሷ ቀና ብላ አየቻቸው፣ ወተቷን ተሸክማ ሄደች፤ ወር ሙሉ አልተመለሰችም። ሰፈሩ ሻይውን ያለ ወተት ጠጣ። እኔ በዚያ ብቻ ደስ አለኝ።

በማግስቱ የመጋዘን ሹሙ ሚስት ተሾመች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ተራ አስከባሪ ቀድማ ትቅዳ ተባለ። በርሜሉም ከሰልፉ በፊት ገባ። የመጨረሻዎቹ ሦስት ቤቶች ባዷቸውን ገቡ፤ ሦስቱም ግን ፈርደውብኛል፣ ስለዚህ የሚያማርሩበት አፍ አልነበራቸውም።

አሁን ደግሞ ይህ ሁሉ የት እንደደረሰ ስሙ። ከጥቂት ወራት በኋላ እርሻው ለወኪሉ ታች ጥጡ መሃል ግቢ ሠራለት፣ የራሱ ፓምፕ ያለው። ባለ በርሜሏ ፍሪጇን ጭና ሄደች፤ ደህና ሁኑም አላለችም። ለእትዬ ያረጀ ፍሪጃቸው ብቻ ቀረላቸው። ዓመቱ ሳያልቅ ባላቸው ተዛወረ፤ ፍሪጁን ወደ ባቡሩ የተሸከሙት በረዶ ሲለምኑ የነበሩት ሴቶች ባሎች ናቸው። መንግሥታችን እንዲህ ተጀምሮ እንዲህ አለቀ። ያዘዘው ሄደ፣ የታዘዘለት ሄደ፣ እኔ ላይ የተለጠፈው ስም ብቻ ቀረ።

ፍትሐዊ ሰው ስለሆንኩ ይህንንም እጽፋለሁ። የመጋዘን ሹሙ ሚስት ባለ በርሜሏ ከሄደች በኋላ ተራውን ደህና አስከብራለች። ቀድሞ መቅዳቱን በራሷ ፈቃድ ተወችው። አንድ ሕግ ግን ጨመረች፤ የታመመ ልጅ ያላት ሴት ከሰልፉ ትቅደም አለች። ከዚያ በኋላ ባሉት ሁለት ወራት የአዋሽ ልጆች ግማሹ ታመሙ። አሥር ሰዓት ሲሆን ያስላሉ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ኳስ ይጫወታሉ። እኔ በዚህ ብዙ ስቄባታለሁ። እሷ ግን ሕጉን አልሻረችም። ዘጠኙ ቢዋሹ ለአሥረኛው ብላ ተወችው ይባላል።

ማን ነው ያነሳው ብዬ ሦስት ጊዜ ጠይቄያለሁ። መጀመሪያ እትዬን፣ ባቡሩ መስኮት ላይ ሆነው ሲሰናበቱን። «ይሄ የሴት ወሬ ነው፣ ተይው» አሉ፤ እሳቸው ወንድ የሆኑ ይመስል። ሁለተኛ ያቺን ወላሂ ያለችውን ጎረቤቴን፣ ሆስፒታል ተኝታ ሳለ። «አላህ ያውቃል» አለችኝ። እሱ እንደሚያውቅ እኔም አውቃለሁ፤ የጠየቅኩት እሷን ነው። ሦስተኛ ይህችኑ እንግዳዬን፣ የባሏ ተዝካር ላይ። ወጥ እየጨለፈች ነበር። «ብዪ፣ ይቀዘቅዝብሻል» አለችኝ።

እንግዲህ ወደ እሁዱ ልመለስ። ቴሌቪዥኑ ውስጥ የማኅተም ጠባቂውን እጁን አስረው እያወጡት ነው። ሽማግሌው በሩ ላይ ዞር አለና መኳንንቱን «ከእናንተ ማን ነው?» አላቸው። ሁሉም መሬት መሬት አዩ። በሃምሳ ዓመት ውስጥ መኳንንት አልተለወጡም። ልጄ ማስታወቂያ ሲገባ ሻይ ልታፈላ ወጣች።

«ያሳዝናል» አልኩ። «ምንም ሳያጠፋ።»

እንግዳዬ ነጠላዋን ከአፏ አወረደች። «ምንም አላጠፋም ነው የምትይው?»

«ምን አጠፋ? ትክክል ነበር።»

«ትክክል ነበር» አለች፣ ቃሉን አላምጣ እንደምትተፋው። «አዎ። ትክክል ነበር።»

ድምፁን ቀነስኩት። ማስታወቂያው ስለ ሳሙና ነበር፤ አንዲት ሴት በብዙ ውሃ ትታጠባለች። ሁለታችንም ያን ውሃ ጥቂት አየነው። ከዚያ ይህን ነገር ልጽፈው አስቤያለሁ አልኳትና ለአራተኛ ጊዜ ጠየቅኩ።

«ድንጋዬን ማን ነው ያነሳው?»

ያለችኝን ሳልጨምር ሳልቀንስ ጽፌዋለሁ።

«እኔ ነኝ። እትዬ ሌላ ሰው ነበር ሊልኩ ያሰቡት፤ እኔ ላንሳው ብዬ ለመንኳቸው። ለሹመቱ እንዳይመስልሽ፣ ለበረዶውም አይደለም። ከዚያ ቀደም ባለው ሳምንት ትልቁ ልጄ በትኩሳት ሲነድድብኝ በጀርባዬ አዝዬው፣ ቆርቆሮዬን ታቅፌ ቧንቧው ሥር መጣሁ። አንድ ጣሳ ብቻ አልኩሽ። አልቅሼ እግርሽን ያዝኩ። ልጁን አላየሽውም፣ ድንጋዬን ነው ያየሽው። ዘጠነኛ ነሽ፣ ተራሽን ጠብቂ አልሽኝ። ያን ቀን ውሃው ስምንተኛዋ ላይ አለቀ። መንገድ ላይ ያቺ ወተት ሻጭ አገኘችኝ። ቋንቋ እንኳን አልተግባባንም። ልጁን ከጀርባዬ ተቀብላ፣ አንቺ በሰጠሻት ድንጋይ የቀዳችውን ውሃ ከቆዳ እርኮቷ እያንጠባጠበች አጠጣችልኝ። ዛሬ በመኪና ያመጣኝ እሱ ነው፤ ውጭ ጥላ ሥር ይጠብቀኛል። የድንጋይሽን መስመር ወደ ሐዲዱ ያዞርኩት ሳላውቅ አይደለም። ሰው ሁሉ አንቺ ነሽ ብሎ እንዲያምን፣ አንቺ ግን ሰው እንደሠራብሽ እንድታውቂ ብዬ ነው። በድያለሁ፣ ልጆችሽንም በድያለሁ፤ ይህንን ጨምረሽ ጻፊው። ግን ሃምሳ ዓመት ሙሉ ማን ነው፣ ማን ነው እያልሽ ዞርሽ። አንድ ቀን እንኳን ለምን ብለሽ ብትጠይቂ ኖሮ፣ ያኔውኑ እነግርሽ ነበር።»